ላሟ ሲሞቃት ማን ያውቃል? የእስራኤል የወተት እርባታ የጉዳይ ጥናት

በቀን 40 ሊትር የምትታለብ ላም ሰውነቷ ብዙ ሙቀት ያመነጫል። መኖ ስትፈጭ ሙቀት ይፈጠራል። የፈጨችውን ወደ ወተት ስትለውጥም እንዲሁ። ይህ ሙቀት የግድ ከሰውነቷ መውጣት አለበት። አየሩ ቀዝቀዝ ካለ በቀላሉ ይወጣል። አየሩ ሲግል ግን መውጫ ያጣል።

አሚኤል በርማንና ባልደረቦቹ እስራኤል ውስጥ ያጠኑትና እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም አየሩ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ሲደርስ ሙቀቱን መቋቋም እንደሚያቅታት አሳየ። 25 ዲግሪ እኮ ለእኛ ደስ የሚል አየር ነው። ሰው በሸሚዝ ወዲያ ወዲህ የሚልበት ቀን ነው። ላሟ ግን ጭንቀቷ ጀምሯል። ሰውና ላም አንድ በረት ውስጥ ቆመው አንድ ዓይነት ሙቀት አይሰማቸውም። ስለዚህ ላሟ ምን እንደሚሰማት ከራሷ ሰውነት መጠየቅ የግድ ነው። የእስራኤል ወተት አርቢዎች ይህን መጠየቅ እንዴት እንደተማሩና መልሱን ሲያገኙ ምን እንደቀየሩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ቦታው። የእስራኤል ላሞች በዓለም ላይ ብዙ ወተት ከሚሰጡት ተርታ ናቸው። አንዲት ላም በዓመት በአማካይ ወደ 12,000 ኪሎ ገደማ ትታለባለች። አብዛኞቹ በቀን ሦስት ጊዜ ይታለባሉ። እኛ ዘንድ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ሲወርድ፣ እዚያ ምድሩ ይነዳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ጠብ የሚል ነገር የለም። ቤት ሸአን ሸለቆ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እዚያው ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው ቲራት ጽቪ እ.ኤ.አ. በ1942 ሙቀቱ 54 ዲግሪ መድረሱ ተመዝግቧል። ቁጥሩን የሚጠራጠሩ ባለሙያዎች አሉ። ሙቀቱ ከባድ ስለመሆኑ ግን ማንም አይከራከርም። የባሕር ዳርቻው ወገን ደግሞ ሙቀቱ ቀለል ቢልም እርጥበቱ ያፍናል። ለላም ሁለቱም መጥፎ ናቸው።

ላም ሲሞቃት ምን ትሆናለች? መጀመሪያ ትንፋሿ ይፈጥናል። ከዚያ መብላት ትቀንሳለች፤ መኖ ራሱ ሙቀት ስለሚጨምርባት ነው። ማመስኳት ትቀንሳለች። መተኛት ትተዋለች። ቆማ ንፋስ ሰውነቷን እንዲያገኘው ትፈልጋለች። ጤነኛ ላም በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት መተኛት ይኖርባታል። በሙቀት የቆመች ላም ክብደቷ ሁሉ እግሯ ላይ ይወድቃል። ሙቀቱ ካለፈ በኋላ፣ መከር አካባቢ፣ ብዙ ላሞች ማነከስ የሚጀምሩት አንዱም ከዚህ የተነሳ ነው። ምራቋም ይንጠባጠባል። ያ ምራቅ ወደ ሆዷ ገብቶ የጨጓራዋን አሲድ ማርገብ የነበረበት ነው። መሬት ላይ ሲፈስ ሆዷም ይታወካል። ወተቱ ይቀንሳል። ድራት ላይ ብትሆን፣ ማለትም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ቢደርስ እንኳ፣ ምልክቱን በደንብ አታሳይም። ብትዳቀልም ጽንሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠፋል።

ሁለት ላም ያላት እናት ይህን ሁሉ በዓይኗ ታየዋለች። «ዛሬ ይቺ ላም ደስ አላላትም» ትላለች። ሳር አስጠግታ ትፈትሻታለች፣ ጆሮዋን ትነካለች። የኪቡትስ፣ ማለትም ነዋሪዎቹ ሥራና ንብረት የሚጋሩበት የእስራኤል መንደር፣ በረት ውስጥ ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ላሞች አሉ። ሠራተኛው በፈረቃ ይቀያየራል። ጠዋት ያየ ሰው ማታ የለም። ላሟ ከሌላው ጊዜ በተለየ መቆሟን ለማወቅ፣ ሌላው ጊዜ እንዴት እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ጠፋ። ቴክኖሎጂው የገባው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። እኔም ይህን ጉዳይ የወደድኩት ለዚህ ነው፤ መነሻው የጠፋ ትኩረት ነው።

ከገሊላ ባሕር በስተደቡብ፣ ዮርዳኖስ ሸለቆ ውስጥ አፊኪም የሚባል ኪቡትስ አለ። ቦታው ከባሕር ጠለል 200 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ዛሬ አፊሚልክ የሚባለው ኩባንያ እዚያ ተመሠረተ። መነሻቸው ቀላል ጥያቄ ነበር። እያንዳንዷ ላም በእያንዳንዱ አለባ ስንት ሰጠች? ለዚህ የኤሌክትሮኒክስ ወተት መለኪያ ሠሩ። በ1980ዎቹ ደግሞ እርምጃ መቁጠሪያ ላሟ እግር ላይ አሰሩ።

ማለቢያ ክፍሉን በቅርብ እንየው። ላሟ ቦታዋን ስትይዝ እግሯ ላይ ያለው መሣሪያ በሬዲዮ ማንነቷን ይናገራል። ካለፈው አለባ ወዲህ የተራመደችውንም ያስረክባል። የማለቢያው ቱቦ ግቷ ላይ ይገጠማል። ወተቱ በመለኪያው ሲያልፍ ቁጥሩ ስክሪን ላይ ይቆጥራል። ኮምፒዩተሩ ቁጥሩን ከራሷ ካለፉት ቀናት ጋር ያስተያያል። ከሌላ ላም ጋር አያወዳድራትም፤ ይህ ነጥብ ትልቅ ነው። ወተቷ ድንገት ቀንሶ እርምጃዋም ከቀነሰ ታማ ሊሆን ይችላል። ወተቷ ቀንሶ እርምጃዋ እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ድራት ላይ ናት ማለት ነው። ጨርሳ ስትወጣ መውጫው ላይ ያለው በር ራሱ ዞሮ ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ አዳቃዩ በረት ይለያታል። ዱላ የለም፣ ማባረር የለም። ላሟ ዝም ብላ ወደ ተከፈተላት ትሄዳለች። ከተሠራው ሁሉ እኔን በጣም ደስ ያሰኘኝ ይህ በር ነው። ለመመርመር ተብሎ በላሟ ላይ ይደርስ የነበረው ግርግርና ፍርሃት ቀረ።

የጡት በሽታውንም ቶሎ ይይዙታል። ግት ሲቆስል ከደም ወደ ወተት የሚገባው ጨው ይጨምራል፣ ወተቱም ኤሌክትሪክ በይበልጥ ያስተላልፋል። መለኪያው ይህን ያነባል። ሁልጊዜ ልክ አይሆንም፤ ቢሆንም ሐኪሙ ቀድሞ የሚነካት ላም የትኛዋ እንደሆነች ይጠቁማል።

መቀመጫውን በእስራኤሏ ከተማ ኔታንያ ያደረገው ኤስሲአር የተባለ ኩባንያ ደግሞ ሌላ መንገድ ያዘ። አንገት ላይ የሚታሰር፣ ውስጡ ማይክሮፎን ያለው መሣሪያ ሠራ። ላም የዋጠችውን መልሳ ወደ አፏ ስታወጣና ስታመሰኳ ድምፅ አለው። መሣሪያው ያንን ድምፅ ይሰማል። በየሁለት ሰዓቱ ስንት ደቂቃ እንዳመሰኳች ይመዘግባል። ጤነኛ ላም በቀን ከ7 እስከ 8 ሰዓት ገደማ ታመሰኳለች። ስትወልድ ማመስኳቷ በጣም ይወርዳል፣ ከዚያ በቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ወይም በቀስታ ከተጎተተ ወተቱ ሳይቀንስ፣ ትኩሳት ሳይታይ፣ አንድ ነገር እንዳለ ይታወቃል። ሲሞቃትም ማመስኳቷ ይቀንሳል።

እንግዲህ እርምጃ፣ ወተት፣ መተኛትና ማመስኳት መለካት ተቻለ። መለካት ብቻውን ግን ላሟን አያቀዘቅዛትም።

ማቀዝቀዙ የራሱ ታሪክ አለው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ጭጋግ የመሰለ ውሃ አየር ላይ መርጨት ነው። እርጥበት ባለበት አገር ይህ ይጎዳል። ደቃቁ ውሃ ፀጉሯ ላይ ብቻ ያርፍና ቆዳዋ ጋ ሳይደርስ እንደ እርጥብ ጋቢ ሸፍኗት ይቀራል። ሙቀቱም ከውስጥ ይታፈናል። እስራኤል ፍላመንባውምና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ጥናት ሌላውን መንገድ ሞከረ። ላሟን እስከ ቆዳዋ ድረስ ማራስ፣ ከዚያ በትልቅ ቬንትሌተር ማድረቅ፣ እንደገና ማራስ፣ እንደገና ማድረቅ። ውሃው ከቆዳዋ ሲተን ሙቀቷን ይዞ ይሄዳል። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት አሠራር ውሃው ለ30 ሰከንድ፣ ንፋሱ ለአራት ደቂቃ ተኩል መሆኑ ነው። ይህ እየተደጋገመ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ቦታው አለባ የሚጠበቅበት ግቢ ነው፤ ላሞቹ እዚያ ተሰብስበው ይቆማሉ። መኖ የሚበሉበት ገንዳ ላይም ይገጠማል። ላሞቹ የሚተኙበት ቦታ ግን ደረቅ መሆን አለበት። እዚያ ውሃ ከገባ የጡት በሽታ ይከተላል።

የዚህ ጉዳይ እምብርት ያለው ቀጥሎ በመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ላሞች በቀን አምስት ጊዜ ይቀዘቅዙ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ አምስቱ አልበቃም። ስምንት ጊዜ ይሁን ቢባልስ? እዚህ ላይ ቅን የሆነ ስጋት አለ። ስምንት ጊዜ ማለት ላሟን ስምንት ጊዜ ከተኛችበት አስነስቶ መንዳት ማለት ነው። ማረፊያዋን መውሰድ ነው። መኖዋን ማቋረጥ ነው። ለእሷ ብለን የምናደርገው ራሱ ቢያጉላላትስ? በዓይን አይቶ መወሰን አይቻልም። አንዱ ሠራተኛ «ደክሟቸዋል» ይላል፣ ሌላው «ደስ ብሏቸዋል» ይላል።

ስለዚህ ላሞቹን ጠየቋቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመው የእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት አንዱ ቡድን በቀን 5 ጊዜ፣ ሌላው 8 ጊዜ ቀዘቀዘ። እያንዳንዱ ዙር 45 ደቂቃ ነበር። በድምሩ አንዱ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ ሌላው 6 ሰዓት መሆኑ ነው። ትንፋሻቸው ተቆጠረ። የሰውነታቸው ሙቀት ተለካ። እግራቸው ላይ ያለው መሣሪያ እንቅስቃሴያቸውን፣ አንገታቸው ላይ ያለው ማመስኳታቸውን መዘገበ። የበሉትም ተመዘነ።

ስምንት ጊዜ የቀዘቀዙት ትንፋሻቸው ረጋ ያለ ነበር። ሙቀታቸው ዝቅ ብሎ ተገኘ። የበለጠ በሉ፣ የበለጠ አመሰኩ፣ የበለጠ ታለቡ። ደጋግመው ቢነሱም ማረፊያቸው አልተጎዳም። ነገሩ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የሞቃት ላም ቦታ ቢኖራትም አትተኛም፤ የቀዘቀዘች ላም ያገኘችውን ጊዜ ተኝታ ትጠቀምበታለች። ግን ይህን በግምት ማንም በእርግጠኝነት አይናገርም ነበር። ዓይናችን ያየው ላሟ ስትነዳ ነው። መሣሪያው የሰማው ከተነዳች በኋላ ተኝታ ስታመሰኳ ነው። እኔ እስከማውቀው ቴክኖሎጂ ለእንስሳ ደኅንነት ከዋለባቸው አጋጣሚዎች ሁሉ ንጹሑ ይህ ነው፤ ሰዎች ጥሩ መስሎ የታያቸውንና መጥፎ መስሎ የታያቸውን ትተው የላሟን መልስ ተቀበሉ።

ይህ አሠራር ከምርምር ጣቢያ ወጥቶ ወደ አርቢው የገባው በቀላል ዘዴ ነው። ሙቀት የምትመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ለጥቂት ቀናት በጥቂት ላሞች ብልት ውስጥ ትቀመጣለች። በየጥቂት ደቂቃው ትመዘግባለች። ከዚያ ትወጣና የ24 ሰዓቱ መስመር ኮምፒዩተር ላይ ይታያል። መስመሩ ከ39 ዲግሪ የሚያልፈው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ብዙ ጊዜ መልሱ አርቢውን ያስደነግጠዋል። አርቢው ቬንትሌተሩን የሚያጠፋው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ላሟ ግን ቀኑን ሙሉ ያጠራቀመችውን ሙቀት ይዛ ወደ ምሽቱ ትገባለች። አየሩ በርዶ ሰው ሹራብ ሲደርብ እሷ ገና በሙቀት ትቃጠላለች። ስለዚህ አንድ ዙር ምሽት ላይ ይጨመራል፣ ምናልባት ሌላ ሌሊት ላይ። ከሳምንታት በኋላ እንደገና ይለካል።

ሌላም መለኪያ አላቸው። በሙቀቱ ወራት የተገኘውን ወተት በብርዱ ወራት ለተገኘው ያካፍሉታል። ውጤቱ ወደ አንድ በቀረበ ቁጥር በረቱ ላሞቹን ከሙቀት በደንብ ጠብቋል ማለት ነው። አንድ አርቢ ከጎረቤቱ ጋር የሚነጋገርበት ቁጥር ሆኗል። ቁጥሩን ወድጄዋለሁ፤ በአንድ ጊዜ የኪስንም የላሟንም ነገር ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ለረጅም ጊዜ ሳይታይ ቀርቷል። የነጠፉ ላሞች። ለመውለድ ሁለት ወር ገደማ የቀራቸው፣ ወተት የማይሰጡ። ማለቢያ ክፍል ስለማይገቡ መለኪያው አያያቸውም። ወተት የለም፣ ስለዚህ የሚቀንስ ቁጥር የለም፣ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ የለም። ረሆቮት በሚገኘው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ዴቪድ ወልፈንሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ያሳተሙት ጥናት ግን እነሱን ተመለከተ። ረሆቮት ብዙ የኢትዮጵያ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ከተማ መሆኗን አንባቢ ያውቃል። ጥናቱ ከነጠፉት ከፊሎቹን አቀዘቀዘ፣ ከፊሎቹን ተወ። ከቀዘቀዙት የተወለዱት ጥጆች በአማካይ 43.2 ኪሎ ሲመዝኑ፣ ከሌሎቹ የተወለዱት 40.6 ኪሎ መዘኑ። እናቶቹም ከወለዱ በኋላ ለ150 ቀናት በቀን 3.5 ኪሎ የበለጠ ወተት ሰጡ። ቅዝቃዜውን ያገኙት ሳይታለቡ ነው፣ ጥቅሙ የታየው ከወራት በኋላ ነው። ማለቢያ ክፍል ላይ ብቻ ዓይኑን የተከለ ቴክኖሎጂ ይህን አያገኘውም ነበር።

ይህ ወደ ድክመቶቹ ያመጣኛል፤ አሉና። መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ይሰጣል እንጂ ላም አያክምም። በቀን በርካታ ማስጠንቀቂያ የሚመጣለት ሠራተኛ መጨረሻ ላይ ማየት ይተዋል። አርቢው ስንት ሰው ስንት ማስጠንቀቂያ መከታተል እንደሚችል አስቀድሞ ካላሰበ ገንዘቡ ባከነ። ደግሞ መሣሪያ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ጥጃ ከእናቷ ወዲያው ስትለይ እናት ምን ይሰማታል? ዕድሜዋን ሙሉ ሜዳ ላይ ሳር ሳትግጥ የምትኖር ላም ምን ይጎድላታል? እርምጃ ቆጣሪው ይህን አይነግረንም። በረቱ ቀዝቃዛ ሆነ ማለት የላሟ ኑሮ ሞላ ማለት አይደለም። ይህን ጥያቄ ሰው ራሱ መያዝ አለበት።

አሁን ወደ እኛ። ከኢትዮጵያ ከብት ከ97 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገር ዝርያ ነው። የቦረና ላም ሙቀትን ትችላለች፤ ወተቷም ትንሽ ስለሆነ ሰውነቷ የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ነው። ሆለታና ደጋው ላይ የፈረንጅ ድቅል ላሞችም ብዙ አይቸገሩም። ችግሩ ያለው ድቅሏ ላም ወደ አዳማ፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሞቃት ከተሞች ዳር ስትወርድ ነው። ሰው «ፈረንጅ ላም» ብሎ በውድ ይገዛል። በቆርቆሮ ጣራ ስር፣ ዙሪያው በተዘጋ በረት ያስራታል። ወተቱ ሲቀንስ መኖው ተጠያቂ ይሆናል። ድራት ሲጠፋ አዳቃዩ ተጠያቂ ይሆናል።

እርምጃ ቆጣሪ መግዛት የማይችል አርቢ የላሟን መልስ በሌላ መንገድ ማግኘት ይችላል። ስልክ አለው። ከሰዓት በኋላ በረቱ ጎን ቆሞ የላሟን ሽንጥ ይመልከት። ሽንጧ ወጣ ገባ ሲል አንድ ትንፋሽ ነው። በስልኩ ሰዓት አንድ ደቂቃ ይቁጠር። ከ60 በላይ ከሆነ ሞቋታል። 80 ካለፈና አፏን ከፍታ ለሃጯ ከተዝረከረከ አደጋ ላይ ናት። የሰውነት ሙቀቷን በተራ ቴርሞሜትር በፊንጢጣዋ ይለካ፤ አንዴ ከሰዓት፣ አንዴ ደግሞ ማታ። ከ39 ዲግሪ ካለፈ መሥራት አለበት። ቁጥሩን በደብተር ከወተቱ ጎን ይጻፍ። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሲሆነው የላሟን ልማድ ያገኘዋል፤ አፊኪም ላይ ኮምፒዩተሩ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ደረጃ በደረጃ ነው። ግድግዳውን ከፍቶ ንፋስ ማስገባት። ጣራውን ከፍ ማድረግ። ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ አለመለየት፤ ብዙ የምትታለብ ላም በሙቀት ቀን ከ100 ሊትር በላይ ልትጠጣ ትችላለች። ዋናውን መኖ ንጋትና ማታ መስጠት። መብራትና ውሃ ያለው ደግሞ ጎማ ይዞ እስከ ቆዳዋ ያርሳት፣ ቬንትሌተር ያዙርባት፣ ከዚያ እንደገና ትንፋሿን ይቁጠር። ከ90 ወደ 55 ከወረደ ዘዴው ሠርቷል። ካልወረደ ውሃው ቆዳዋ አልደረሰም ወይም ንፋሱ አነሰ ማለት ነው።

የነጠፈችው ላም ብዙ ጊዜ ከበረት ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ትታሰራለች፤ «አትታለብም» ተብላ። ለእሷ የሚያስፈልገው መብራትም መሣሪያም የማይጠይቅ የሳር ጥላና አንድ በርሜል ውሃ ነው። ገንዘብ ያጠረው አርቢ ከእሷ ቢጀምር እመክራለሁ።